ለጥቅምት ብርድ ምን ይገዛ? ጋቢ፣ ብርድ ልብስ ወይስ ሂተር

መስቀል ካለፈ በኋላ አዲስ አበባ ሁለት አየር ነው ያላት። ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ላይ ጃኬትህን አውልቀህ ክንድህ ላይ ታንጠለጥላለህ፤ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይቆረጥማል። ደመናው ሲገፈፍ መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ከላይ የሚይዝላት ክዳን ታጣለች፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን ደግሞ። ህዳርና ታኅሣሥ ንጋት ላይ ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ ብርቅ አይደለም። የምንገዛው እንግዲህ ለሌሊት ነው፤ ለዚያውም ለጥቂት ወራት።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። እሷ ብርዳም ናት፤ ካልሲ አድርጋ ተኝታ እንኳ እግሯ ሲነካኝ እባንናለሁ። እኔን ይወብቀኛል፤ እኩለ ሌሊት ላይ የለበስኩትን ረግጬ እጥላለሁ። ለሁለታችን አንድ ነገር ለመግዛት ስንሞክር ብዙ ገንዘብ አባክነናል።

መጀመሪያ የገዛነው ሂተር ነበር። ቀይ የሚበራው ዓይነት ርካሽ ነው፣ ወዲያው ያሞቃል፣ ግን የሚያሞቀው ፊት ለፊቱ ያለውን ብቻ ነው፤ ጉልበትህ ሲቃጠል ጀርባህ ይበርዳል። ዘይት ያለበት ባለ ክንፉ ውድ ነው፣ ለመሞቅም ጊዜ ይወስዳል፣ ከጠፋ በኋላ ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ችግሩ ቆጣሪው ላይ ነው። 2,000 ዋት የሚል ሂተር በየሌሊቱ ለሦስት ሰዓት ቢሠራ በወር 180 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋውም የሚጨምር ነው። እንዲህ ያለ ሂተር 9 አምፔር ያህል ስለሚስብ በቀጭን ኤክስቴንሽን አይሰካም። እኛ ሰክተን ሶኬቱ ቡናማ ሆኖ ቀለጠ፤ ሽታው ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣም። መብራት ከጠፋ ደግሞ ያው የቤት ዕቃ ነው። ሕፃን ወይም አዛውንት ካለ ግን ሂተርን አልንቅም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በብርድ ወቅት ቤት ውስጥ ቢያንስ 18 ዲግሪ እንዲሆን ይመክራል፣ ያንን በልብስ ማምጣት አይቻልም።

ከሰል በምድጃ አስገብቶ መተኛት ከምርጫ አይቆጠርም። ጋዙ አይሸትም፣ አይታይም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል።

የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ለባለቤቴ ዓይነት ሰው ነው የተሠራው። 100 ዋት አካባቢ የሚስብ ቢሆን በዚያው ሦስት ሰዓት በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ከሂተሩ ጋር ማወዳደር ራሱ ያሳፍራል። ከመተኛት ግማሽ ሰዓት በፊት ማብራት፣ ገብቶ ማጥፋት። ሲቀመጥ አጣጥፎ መጫን ሽቦውን ይጎዳል። ስኳር ታሞ እግሩ የደነዘዘ ሰው ሲያቃጥለውም ላያውቅ ስለሚችል ለእሱ አይሆንም። የሙቅ ውሃ ላስቲክም እግር ሥር ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፣ መብራት ቢጠፋም አይቸግረውም። የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ የፈላ ውሃ አትጨምሩ፤ ይጨማደዳል፣ ክዳኑ ይለቃል፣ ፍራሹ ይረጥባል።

ከውጭ የሚመጣው ለስላሳው ብርድ ልብስ ቀላል ነው፣ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል፣ ዋጋውም ደህና ነው። ግን ፖሊስተር ነው። ላብ አይመጥም፣ እኔን ያፍነኛል፤ በደረቁ የህዳር አየር ጨለማ ውስጥ ስትገልጠው ጠጠጠ እያለ ብልጭ ብልጭ ይላል። ላብ የማያውቀው ሰው ይውሰደው። የበግ ሱፍ ብርድ ልብስ ካገኛችሁ ከእሱ በብዙ ይበልጣል፣ ክብደቱንና ኩርኮራውን ከቻላችሁት።

ወደ ጋቢው ልምጣ። አራት ድርብ ጥጥ ነው፤ የሚያሞቀው ጥጡ ብቻ ሳይሆን በድርቦቹ መካከል የተያዘው አየር ነው። ሲሞቅህ አንዱን ጎን ገልጠህ ትተነፍሳለህ፣ ማታ ሶፋ ላይ ትጀቦንበታለህ፣ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ትለብሰዋለህ። ሽሮ ሜዳ ስትሄዱ መጀመሪያ ማጉን ጠይቁ፤ የእጅ ፈትል ከሆነ ወጣ ገባ ያለ ወፍራም ክር ታያላችሁ፣ እሱ ነው አየር የሚይዘው። ሁሉም የፋብሪካ ክር ከሆነ ልሙጥ ነው፣ ያምራል፣ ሙቀቱ ግን ያንሳል። አንዱን ድርብ ለይታችሁ ወደ ብርሃን ዘርጉት፤ እንደ ወንፊት ካሳያችሁ ሸማው ሳስቷል ማለት ነው፣ ተዉት። ጉዳቱ እጥበቱ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ጥላ ቦታ ካሰጣችሁት ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። ቡልኮ የዚሁ ታላቅ ወንድም ነው፤ ለእኔ ይበዛብኛል፣ ለብርዳም ግን ጥሩ ነው።

ብቻውን ለሚተኛ ብርዳም፣ ጋቢና የሙቅ ውሃ ላስቲክ በቂ ነው። ሙቀታም ከሆነ ጋቢው ብቻ። እንደ እኛ ላሉ ባልና ሚስት ግን ትልቅ የጋራ ብርድ ልብስ አትግዙ፤ በዚያው ገንዘብ ሁለት የተለያዩ ግዙ። የእኛ አልጋ ላይ በግድግዳው በኩል ቡልኮ አለ፣ ከሥሩ የኤሌክትሪኩ፤ በእኔ በኩል ጋቢ። ሂተሩ ቁም ሳጥን ላይ ነው፤ እናቴ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ እናወርደዋለን፣ እሷ ደግሞ «ይህም ብርድ ተብሎ!» ብላ ታስጠፋዋለች።