ፒጂዲቲ አያት አካባቢ፦ ትምህርቱ ጥሩ፣ ማስታወቂያው ደካማ

አያት አካባቢ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ በከፈተው አዲስ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ፣ ማለትም ፒጂዲቲ፣ ቅዳሜና እሁድ ተምሬያለሁ። ትምህርቱን ወድጄዋለሁ። ማስታወቂያው ግን ይስተካከል። ባነሩ ላይ ያለው ጋዋን የለበሱ ተመራቂዎችና "ፈጥነው ይመዝገቡ" የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። በሒሳብ ዲግሪ ይዞ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ማስተማር ለሚያስብ ሰው ይህ ምን ይነግረዋል? ክፍያውን ለማወቅ እንኳን ሬጅስትራር ድረስ መሄድ ግድ ነው። ከለገጣፎ ለሚመጣ ደግሞ የታክሲ ሰልፉ ቀላል አይደለም።

መነገር የነበረበት የተግባር ልምምዱ ነው። አንድ የኬሚስትሪ ምሩቅ ጓደኛችን የሙከራ ትምህርት ሲሰጥ መምህራችን ኋላ ቁጭ ብለው የክፍሉን አቀማመጥ ወረቀት ላይ ሳሉ። ጥያቄ በተጠየቀ ቁጥር የተጠየቀው ሰው ወንበር ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ሲጨርስ ወረቀቱን ሰጡት። ምልክቶቹ በሙሉ ፊት ረድፍ ላይ ነበሩ። በሚቀጥለው ጊዜ ልጁ እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ እየሄደ ነው የጠየቀው። ሰው የሚስበው እኮ እንዲህ ያለው ነገር ነው! ያቺን ወረቀት ባነሩ ላይ ቢያወጧት ከየትኛውም መፈክር ትበልጣለች።

ሥነ ልቦናውም፣ ልዩ ድጋፍ የሚሹ ተማሪዎችን ከሌሎች ጋር አብሮ ስለማስተማር የሚያወራው አካቶ ትምህርቱም ደህና ነው፤ ሞጁሎቹ ግን ይዘገያሉ። ለመመዝገብ ያሰባችሁ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ልምምድ የምትወጡበት ትምህርት ቤት የት እንደሆነ ጠይቁ።