ዳላስ አካባቢ የእርሻ መሬት ሸንሽናችሁ ለመሸጥ ካሰባችሁ እኚህን ቀያሽ አነጋግሩ

ሰላም ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው ለማመስገንም ለመጠቆምም ነው።

ከዳላስ በስተምሥራቅ፣ ሀንት ካውንቲ ውስጥ፣ አራት ቤተሰብ ሆነን የገዛነው 46 ኤከር የእርሻ መሬት ነበረን። በሄክታር 18 ተኩል ገደማ ይሆናል፣ ግማሽ ጋሻ እንኳ አይሞላም። ልጆች ኮሌጅ ሲገቡ ከፋፍለን እንሽጠው ተባባልን። ሥራውን የያዙልን ቀያሽ በዕድሜ የገፉ የቴክሳስ ሰው ናቸው፣ የክልሉ ፈቃድ ያላቸው። እንዲህ ያለ ቀጥተኛ ባለሙያ በበኩሌ አላየሁም። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው።

ከሳቸው በፊት ያነጋገርነው ሌላ ሰው ነበር። ስሙን አልጠራም። አንድ አንድ ኤከር እያደረግን 40 ቦታ እናወጣለን አለን። ወረቀት ላይ ሲባዛ ያጓጓል። ግን መሬቱን ሳያይ ቀብድ ጠየቀ። ከመካከላችን ትልቁ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ "መሬቱን ላልረገጠ ሰው ብር አልሰጥም" አሉ፣ ነገሩም በዚያው ቀረ።

እኚህ ቀያሽ ግን ስለ ክፍያ ሳያነሱ መጀመሪያ የጠየቁን የባለቤትነት ሰነዱን፣ ስንገዛ የወሰድነውን የታይትል ኢንሹራንስ (የባለቤትነት መብት ዋስትና) ወረቀትና የድሮ የቅየሳ ካርታ ካለ እሱን ነው። ከዚያ መጥተው መሬቱን ዳር እስከ ዳር በእግራቸው ዞሩት። እየዞሩ ይጠይቃሉ። እያንዳንዱ አዲስ ቦታ ከመንገድ ጋር በምን ይገናኛል? ውሃ የሚያስገባው ድርጅት ስንት ቆጣሪ ሊሰጥ ይችላል? ከመሬቱ በታች ያለው ዘይትና ጋዝ መብቱ የማን ነው? በቴክሳስ ከላይ ያለው መሬት የአንድ ሰው፣ ከታች ያለው ማዕድን የሌላ ሰው ሊሆን እንደሚችል ብዙዎቻችን አናውቅም። ገዢ ግን ይጠይቃል።

የኋላ ወሰናችን ጥግ ላይ ያደረጉትን ሳልነግራችሁ አላልፍም። የድሮው ሰነድ ርቀቱን የሚናገረው በቫራ ነው፣ ከስፔን ጊዜ የቀረ መለኪያ፣ አንዱ ቫራ 33 ኢንችና ሲሶ። እሱን ወደ ዛሬው የጫማ (feet) ልኬት ቀይረው፣ የብረት መፈለጊያ መሣሪያቸውን ይዘው ሣር ውስጥ ገቡ። ሲጮህ ተንበርክከው በእጅ አካፋ ቀስ እያሉ ቆፈሩ። ዝገት የበላው የብረት ቱቦ ጫፍ ብቅ አለ። የድሮው የወሰን ምልክት ነው። የጎረቤታችን አጥር ከሱ አልፎ ወደ እኛ ገብቷል። በቴክሳስ ሕግ ደግሞ የሰው መሬት በግልጽ አጥሮ ለ10 ዓመት የተጠቀመበት ሰው የኔ ነው ብሎ ሊከራከር ይችላል። ቀያሻችን ነገሩን አላከረሩትም። ጎረቤታችንን ጠርተው ቱቦውን አሳዩት፣ ከዚያ "የወሰን ስምምነቱን ጠበቃ ይጻፍላችሁ፣ እኔ መስመሩን አሰምርላችኋለሁ" አሉ። ያለ ክርክር ተፈራረምን።

ዋናው ነገር ሽንሸናው ላይ ነው። በክልሉ ሕግ ሁሉም ቦታዎች ከ10 ኤከር በላይ ከሆኑና ባለቤቱ ለሕዝብ የሚሆን መንገድ ወይም መናፈሻ ካላወጣ፣ ካውንቲው ፕላት (ሽንሸናውን የሚያሳይ፣ ጸድቆ የሚመዘገብ ካርታ) አምጡ ብሎ አያስገድድም። ከዚያ ሲያንስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፕላት አሠርቶ በካውንቲው ኮሚሽነሮች ማስጸደቅ አለ፣ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ካስፈለገ በካውንቲው ደረጃ መሥራት አለ፣ የጎርፍ መውረጃ ጥናት አለ፣ ለዚህ ሁሉ መሐንዲስ መቅጠር አለ። ይህን ሁሉ ቁጭ ብለው፣ አማርኛ ተናጋሪ መሆናችንን አይተው ቀስ እያሉ፣ ሥዕል እየሣሉ አስረዱን።

አፈሩንም አዩት። የዚያ አካባቢ አፈር እንደ አገራችን መረሬ ነው፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በዝናብ ይጣበቃል። ውሃ ቶሎ ስለማያሰርግ ተራ ሴፕቲክ (የቤት ፍሳሽ ተቀብሎ ወደ አፈር የሚያሰርግ ታንክ) አይሠራበትም፣ አብዛኛውን ጊዜ አየር የሚነፋበትና የተጣራውን ውሃ ላዩ ላይ የሚረጨው ዓይነት ነው የሚፈቀደው፣ እሱ ደግሞ ውድ ነው። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ቤት ሴፕቲክ ለመትከል ቢያንስ 1 ኤከር ያስፈልገዋል፣ የመስመር ውሃ ካለው ግማሽ ኤከር። ይሄ የክልሉ ዝቅተኛው ልክ ነው፣ ካውንቲዎች ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። እንግዲህ 40 ቦታ የተባለው በዚያ አፈር ላይ ምን ሊሆን እንደነበር አስቡት።

በመጨረሻ አራት ቦታ አወጡልን፣ ሁሉም ከ11 ኤከር በላይ፣ ሁሉም ፊቱ ካውንቲው መንገድ ላይ። ከኋላ ወንዝ ስላለ የፌማን (የፌዴራሉን የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) የጎርፍ ካርታ አምጥተው በቅየሳው ላይ ደረቡት። ቀጥ ያለ መስመር ቢያሰምሩ አንደኛው ቦታ ለቤት የሚሆን ደረቅ መሬት ሊያጣ ነበር፣ ስለዚህ መስመሩን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ለአራቱም ከፍ ያለ ቦታ አደረሱ። የኤሌክትሪክ መስመሩ የሚያልፍበትንም ካርታው ላይ አስገቡት፣ ገዢ ኋላ እንዳይደነግጥ። ጥግ ጥጉ ላይ ብረት ቀበሩ፣ ጫፉ ላይ የፈቃድ ቁጥራቸው ያለበት የፕላስቲክ ቆብ። 40 ቦታ ቢቀይሱ ክፍያቸው ስንት እጥፍ በሆነ ነበር፣ እሳቸው ግን አራት ይበቃችኋል አሉን። እኔን እስከዛሬ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ስለ ግብር አንድ ነገር ልጨምር። መሬታችሁ በእርሻ ግምት ዝቅተኛ ግብር የሚከፈልበት ከሆነ፣ አገልግሎቱ ሲቀየር ያለፉት 3 ዓመታት ልዩነት ተሰልቶ ይጠየቃል። ድሮ 5 ዓመት ነበር፣ በ2019 ነው የተቀነሰው። ቀያሻችን ይህ የሳቸው ሥራ እንዳልሆነ ነግረውን ወደ ካውንቲው የግምት ቢሮ ላኩን። ያላወቁትን አውቃለሁ አይሉም፣ ይህም ደስ ይላል። እኛም ይህን ግብር ማን እንደሚከፍል ሽያጭ ውሉ ላይ አስጻፍን፣ እናንተም አስጽፉ።

እንከን የላቸውም ወይ ካላችሁኝ፣ ወረፋቸው ረጅም ነው፣ ኢሜይል ቶሎ አይመልሱም። ስልክ ግን ያነሳሉ። ዋጋቸውን በጽሑፍ ሰጡን፣ ከዚያች ላይ አንድ ዶላር አልጨመሩም።

ሀንት፣ ካውፍማን ወይም ሮክዎል አካባቢ መሬት ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስማቸውንና ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የባለቤትነት ሰነዱንና የታይትል ወረቀቱን አዘጋጁ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። ከሐበሾቹ እንደሆናችሁ ንገሯቸው፣ ጋሼ ያስቀመሷቸውን ቡና አሁንም ያነሱታል።