ለእህቴ ጠበቃ ምስጋና፣ አዳማ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው አንዲት ጠበቃን በአደባባይ ለማመስገን ነው። የእህቴ ጉዳይ ፍርድ አግኝቶ፣ የካሳው ገንዘብም እጇ ገብቷል። እስኪያልቅ ጠብቄ ነው የጻፍኩት።

እህቴ አዳማ ውስጥ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ባሏ ካረፈ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በዚሁ ምጣድ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ፍራንኮ አካባቢ አስረክባ ስትመለስ፣ አሸዋ የጫነ አይሱዙ ወደ ኋላ ሲመጣ ገጫት። ረዳቱ ወርዶ ከኋላ ሰው መኖሩን አላየም። ሾፌሩም በስፖኪዮ ምንም አልታየኝም ነው ያለው። የጭን አጥንቷ ተሰበረ፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ብረት ገባላት።

ገና አልጋ ላይ እያለች ሽማግሌ መጣ። የመኪናው ባለንብረት የላካቸው ናቸው። ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ በአክብሮት ነው ያናገሩን። የሕክምናውን ወጪ እንሸፍናለን፣ ለልጆቿም ትንሽ ነገር እንሰጣለን፣ ነገሩ በእርቅ ይለቅ አሉ። የተዘጋጀ ወረቀትም ይዘው ነበር። ወረቀቱ ላይ "ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ አላነሳም" የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ከቤተሰባችን ትልልቆቹ "እግዜር ነፍሷን አትርፏል፣ ፈርመን እንገላገል" አሉ። የእድራችን ጸሐፊ ናቸው "መጀመሪያ ጠበቃ ይየው" ብለው ስልኳን የሰጡን። እሳቸውንም እግዚአብሔር ይስጥልን።

ጠበቃዋ በማግስቱ ሆስፒታል ድረስ መጣች። ወረቀቱን አነበበች። "እርቅ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን በሕግ ፊት እርቅ ውል ነው። ከፈረሙበት ያስርዎታል። እግርዎ እንዴት እንደሚድን ዛሬ ሐኪሙም ማወቅ አይችልም። ያልታወቀ ጉዳት ላይ እንዴት ይፈረማል?" አለቻት። እህቴ ሾፌሩ ልጅ እንደሆነ፣ እናቱም መጥታ እንዳለቀሰች፣ ከልቧ ይቅር እንዳለችው ነገረቻት። ጠበቃዋ ይህን አልተቃወመችም። "ይቅርታው የእርስዎ ነው፣ ማንም አይወስድብዎትም። የካሳው ጥያቄ ግን በዋናነት ባለንብረቱንና ኢንሹራንሱን ነው የሚመለከተው" ብላ ለየችላት። እህቴ ያን ቀን ነው ቀለል ያላት። ይቅር ማለትና ካሳ መጠየቅ አይጣሉም ብሎ የነገራት ሰው አልነበረማ!

ከእሷ የተማርነውን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ አብዛኛው ሰው አያውቀውም።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 መሠረት የመኪና ባለንብረት፣ ራሱ ባያጠፋም፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። "እኔ እቤቴ ተኝቼ ነበር፣ ሾፌሩ ነው ያጠፋው" ማለት አያድነውም። ሊከራከር የሚችለው በዋናነት "ጥፋቱ የተጎጂዋ ነው" ብሎ ነው። ሌላው ደግሞ የወንጀሉና የካሳው ጉዳይ አንድ አለመሆኑ ነው። ሾፌሩ በወንጀል ተከሶ ነጻ ቢወጣ እንኳን የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በዚያ አይታሰርም። ብዙ ተጎጂ የወንጀሉን መዝገብ ሲጠብቅ ጊዜው ያልፍበታል። የካሳ ክስ በመርህ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይሠራል፤ ግን በዚህ ላይ ተማምኖ መቀመጥ ጥሩ አይደለም ትላለች።

እንደተባለውም ተከሳሾቹ ጥፋቱን እህቴ ላይ ነው የጣሉት። "መንገደኛዋ የእግረኛ መንገድ እያለ አስፋልት ላይ ወጥታ ነው የተገጨችው" የሚል መልስ አቀረቡ። ጠበቃችን ይህ እንደሚመጣ አስቀድማ ገምታ ነበር። ገና ክሱ ሳይከፈት ቦታው ድረስ ሄዳ ነበር። የእግረኛው መንገድ ከሕንፃ ግንባታው የተራገፈ አሸዋና ጠጠር ሞልቶት፣ ሰው ሁሉ ወደ አስፋልቱ ወርዶ ነው የሚያልፈው። ፎቶ አነሳች። እዚያው ጥግ ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ አደጋውን በዓይኗ አይታለች፤ አነጋገረቻት፣ ምስክር ሆና ቀረበችልን። የትራፊክ ፖሊሱ ባነሳው ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) ላይም የአሸዋው ክምር በቦታው ተስሏል። ያንን ፕላን በጥንቃቄ ላነሳው የትራፊክ ፖሊስም ምስጋናችን ይድረሰው። ጊዜ ቢያልፍ ኖሮ አሸዋው ተነስቶ፣ መንገዱ ተጠርጎ፣ የሚታይ ነገር አይኖርም ነበር።

የእኛ ትልቁ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። እህቴ ደመወዝተኛ አይደለችም። ደብዳቤ የሚጽፍላት መሥሪያ ቤት የለም። ገቢዋን በምን ታስረዳለች? የተከሳሾቹ ጠበቃም "ቋሚ ገቢ የላትም" የሚለው ላይ ነው ሙጭጭ ያለው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጠበቃዋ እህቴ ቤት መጣች። ሳሎን ግቢ ስንላት "አይ፣ የምትጋግሩበትን ልየው" ብላ ማድ ቤት ገባች። በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ማስታወሻዋን ጭኗ ላይ አድርጋ መጠየቅ ጀመረች። በቀን ስንት እንጀራ? ለየትኛው ቤት ስንት? ጤፉ ከማን ይገዛል? ወፍጮ ስንት ነው? የመብራትስ? እህቴ ከመደርደሪያው ላይ የልጆቿን አሮጌ ደብተር አወረደች። ሽፋኑ ላይ ሊጥ ደርቆበታል። ውስጡ በምግብ ቤቶቹ ስም ተከፍሎ፣ የየቀኑ እንጀራ በጭረት ተቆጥሯል፤ የተከፈለው ላይ ክብ ተደርጎበታል። እኛ ደብተሩን ከቁም ነገር አልቆጠርነውም ነበር። ጠበቃዋ ገጽ በገጽ አገላበጠችው። "ይሄ እኮ የሒሳብ መዝገብ ነው!" አለች።

በዚያ ብቻ አልቆመችም። እንጀራ የሚረከቡ ሁለት ምግብ ቤቶች ባለቤቶች ቀርበው መሰከሩ። ለእህቴ ጤፍ የሚሸጡላት የአመዴ ገበያ ነጋዴም መጡ። በቴሌብር የገባላት ክፍያ ዝርዝር ታትሞ ተያያዘ። ከገቢው ላይ የጤፉ፣ የወፍጮው፣ የመብራቱ ወጪ ተቀንሶ የተጣራው ተሰላ። "ወጪውን ካልቀነስን ዳኛው ሌላውንም ቁጥር አያምነንም" አለችን። እህቴ በተኛችበት ጊዜ በእሷ ምትክ ለጋገረችው ሴት የተከፈለውም በጉዳቱ ላይ ተደመረ። ትልቋ ልጅ እናቷን ለማስታመም የማታ ትምህርቷን ማቋረጧን እንኳን ሳትረሳ አንስታዋለች።

ትክክለኛ መጠኑ በማስረጃ ሊረጋገጥ ያልቻለ ጉዳት ሲኖር ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ፍትሐዊ ነው ብሎ ባመነበት መጠን፣ እንዲወስን ሕጉ ይፈቅዳል፤ ቁጥር 2102 ነው። እሷ ግን "ርትዕ ላይ ተንጠልጥለን አንገባም። ዳኛው የሚነሳበት ቁጥር እናቅርብለት" ነው ያለችው። በፍርዱ ላይ የእህቴ ሥራ ሥራ ተብሎ፣ ገቢዋ ገቢ ተብሎ ተጽፎ ሲነበብ የተሰማኝን በቃላት መግለጽ ይከብደኛል። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው "ቤት ነው የምትውለው" ሲላት ኖሯል።

የሕክምና ቦርዱንም አላጣደፈችም። ቋሚ የአካል ጉዳቱ በመቶኛ የሚወሰነው እዚያ ነው። እግሩ በደንብ ሳይድን የተሰጠ ውሳኔ እውነተኛውን ጉዳት ላያሳይ ይችላል ብላ፣ ሐኪሙ ሕክምናው አብቅቷል እስኪል አስጠበቀችን። በሌላ በኩል ባለንብረቱ መኪናውን ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ስንሰማ፣ ውላ ሳታድር ለፍርድ ቤቱ አመልክታ የስም ዝውውር እንዳይደረግ እግድ አወጣች። የፍርድ ወረቀት ይዞ ባዶ እጁን የሚቀር ስንት ሰው አለ! የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የሚከፍለው እስከ ተወሰነለት ጣሪያ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ከባለንብረቱ ነው የሚጠየቀው። ስለዚህ መኪናው መያዙ ለኛ ወሳኝ ነበር።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። እህቴ እስከ ዛሬ ከኋላዋ የመኪና ድምፅ ስትሰማ ትደነግጣለች። ሌሊት የምትባንንበት ጊዜ አለ። ለዚህ ዓይነቱ የህሊና ጉዳት ሕጉ ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። አዎ፣ አንድ ሺህ። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ያ ቁጥር እስካሁን እዚያው አለ። ዛሬ 1,000 ብር ጥቂት ኪሎ ጤፍ ነው። ይህ አንቀጽ መሻሻል አለበት ብዬ አምናለሁ። ጠበቃችን ግን ይህን የነገረችን መጀመሪያ ላይ ነው፣ በከንቱ ተስፋ እንዳናደርግ። ደግማ ደጋግማ የምትለው "የማይገኘውን አልነግራችሁም" ነበር።

ቋንቋውም ቀላል ጉዳይ አይደለም። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። እህቴ ገበያ የሚያግባባትን ያህል ትችላለች እንጂ የክስ ጽሑፍ አይገባትም። ጠበቃዋ ክሱን በአፋን ኦሮሞ ጽፋ፣ ከማስገባቷ በፊት አንድ በአንድ በአማርኛ አስረዳቻት። "ያልኩት ትክክል ነው? ያላልኩት አለ?" ትላት ነበር። ሁለት ቦታ ላይ እህቴ አርማታለች። ከቀጠሮ በኋላም ዳኛው ምን እንዳለ፣ ያኛው ወገን ምን እንደመለሰ ሳትነግረን ሄዳ አታውቅም።

ስለ ክፍያ ትጠይቁኛላችሁና፦ ውል በጽሑፍ አድርገናል። መጀመሪያ የሚከፈለው ትንሽ ነበር፣ ቀሪው ከሚገኘው ካሳ በመቶኛ። ለከፈልነው ሁሉ ደረሰኝ ይዘናል። የዳኝነት ክፍያው በተጠየቀው ገንዘብ ልክ ከፍ ስለሚል እኛ ከእቁብ አውጥተን ነው የከፈልነው። አቅም የሌለው ሰው ግን ከቀበሌ ማስረጃ አቅርቦ በደሃ ደንብ፣ ማለትም የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል፣ መክሰስ እንዲፈቀድለት ማመልከት ይችላል። ገንዘብ የለኝም ብላችሁ መብታችሁን አትተዉ። የካሳውን መጠን እህቴ እንዲጻፍ ስላልፈለገች አልጻፍኩም።

የሚከብድ ነገር አልነበረም ማለት አልችልም። ቀን ላይ ስልኳ አይነሳም፣ ችሎት ላይ ናት። ማታ ግን ትደውላለች። ቀጠሮም ይራዘማል፤ ትዕግስት ይጠይቃል።

ሆስፒታል በር ላይ "ካሳ አስወጣላችኋለሁ" እያሉ የሚቀርቡ ደላሎች አሉ። እኛንም አናግረውናል። እባካችሁ የጥብቅና ፈቃድ ያለውን፣ ፈቃዱም የታደሰ መሆኑን አይታችሁ ብቻ ውክልና ስጡ። "መቶ በመቶ እናሸንፋለን" የሚላችሁን ተጠንቀቁ። ገጭቶ ያመለጠ ወይም ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ከሆነ ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ፤ ለዚህ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረትም በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት አለው።

ጠበቃችን፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። በእድሜ ከእኔ ብታንሺም እንደ ታላቅ ነው ያገዝሽን። እህቴን ሁሌም "እርስዎ" ብለሽ፣ ጊዜ ሰጥተሽ አዳምጠሻታል። ፈጣሪ ውለታሽን ይክፈልሽ፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ያቺ የቡና ሻጭ ልጅም ሥራዋን ጥላ ቀርባ ስለመሰከረች እግዜር ያክብራት።

ስሟን እዚህ ያልጻፍኩት ጠበቃ እንደ ሸቀጥ አይተዋወቅም ስላለችኝ ነው። አዳማና አካባቢዋ በመኪናም ሆነ በግንባታ ቦታ አደጋ የደረሰባችሁ ወይም ዘመድ የተጎዳባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ የትራፊክ ፕላኑን፣ የሕክምና ወረቀቱንና የወጪ ደረሰኞቹን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እነሱን ነው።