ዘይቴ ማኪያቶ ሲመስል የወረድኩበት የኮምቦልቻ ጋራዥ

እዚህ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ላይ ሞተር ጀልባ ያላችሁ ይህን አንብቡልኝ። እኔን ሦስት ሳምንት አንከራቶኛል።

ጀልባዬ ከኋላ የሚታሰር ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ሞተር አላት። አንድ ቀን ታች ፕሮፔለሩ ጋ ያለውን የማርሽ ዘይት ስቀይር ማኪያቶ መስሎ ወጣ። ውሃ ገብቶበታል። መጀመሪያ ያሳየሁት መካኒክ ዘይቱን ቀየረና "አለቀ" አለኝ። በአራተኛው ቀን ያው ነው። ደግሞ ቀየረ፣ ደግሞ ነጣ። በሦስተኛው "የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ ይውረድ" ሲለኝ ሞተሩን ነቅዬ በአይሱዙ ጭኜ ደሴን አልፌ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

እዚህ የወደድኩት ነገር፣ ዘይት ከመቀየራቸው በፊት ውሃው በየት እንደገባ መፈለጋቸው ነው። የጋራዡ መካኒክ፣ ወጣት ልጅ ነው፣ መጀመሪያ የላይኛውን የሞተር ዘይት መለኪያ መዝዞ በጨርቅ ጠርጎ አሳየኝ። ንጹህ ነው። "አብሽር ወንድሜ፣ ጓርኒሲዮኑ ቢሆን የሚነጣው ይሄኛው ነበር" አለኝ። ቀጥሎ የታችኛውን የማርሽ ዘይት ማፍሰሻ ብሎን ሳያወልቅ ላላ ብቻ አደረገው። ቀድሞ የወረደው ጥርት ያለ ውሃ ነው፣ ዘይቱ ከኋላ መጣ። ውሃ ስለሚከብድ ሞተሩ ቆሞ ሲያድር ታች ይተኛል፤ እኔ ብሎኑን ባንዴ እየነቀልኩ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ፕሮፔለሩን ፈታ። ዘንጉ ላይ የመረብ ክር ተጠምጥሟል። ቀጭን ናይለን፣ በሙቀት ቀልጦ ቀለበት ሆኖ ደርቋል። ኦይል ሲሉን፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ ውሃም እንዳይገባ ዘንጉ ላይ የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት፣ የቆረጠው እሱ ነው። እኛ ጋ ቀረሶ ዓሣ የሚያጠምደው ሁሉ መረብ ስለሚጥል ጣጣው የሁላችንም ነው።

ሁለቱንም ኦይል ሲል ቀየረው፣ የብሎኖቹን ሮንዴላም (ከብሎኑ ሥር የሚገባውን ቀለበት) ጭምር። ዘይት ከመሙላቱ በፊት በፓምፕ ትንሽ አየር ሰጥቶ በርሜል ውሃ ውስጥ ነከረው። አረፋ የለም። ዘይቱን ደግሞ በታችኛው ቀዳዳ ነው የሞላው፣ በላይኛው እስኪፈስ ድረስ። ከላይ ከተሞላ አየር ይዞ ይጎድላል።

ሒሳቡ ለእነዚያ ሁለት የዘይት ቅየራዎች ከከፈልኩት ያነሰ ነው፣ ወላሂ! እኔን የቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ውሃ በገባበት ዘይት ይወጣል፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሐይቃችን ውስጥ እያንጠባጠብኩ ነበር ማለት ነው። ሐይቃችን ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም፣ የገባው እዚያው ይቀራል።

ቅር ያለኝም አለ። ኦይል ሲሉ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አምስት ቀን ቆየሁ፣ ስልክ ደግሞ አያነሱም። የዘንጉን መጠን ቀድማችሁ ብትነግሯቸው ያስመጡላችኋል። ቅዳሜ አትሂዱ፣ ወረፋ ነው።

አሁን በየሳምንቱ ፕሮፔለሩን ፈትቼ ክር አያለሁ። ሁለት ወር ሆነኝ። ትናንት ጠዋት ሞተሩን ሳላስነሳ ብሎኑን ላላ አደረግኩና መዳፌን ከታች ዘረጋሁ። ማር የመሰለ ዘይት ጠብ አለ።