ማርሽ ዘለለ ተብሎ እቃ አይገዛም! ሐረጎን የምትወርዱ ደግሞ የፍሬን ካቧችሁን እዩ

ሰላም ጀመዓ። ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ሁኑ ወልዲያ፣ ኮርሳ ሳይክል ያላችሁ ሁሉ ይህን ሳታነቡ አትለፉ። 9,700 ብር ከኪሴ ወጥቷል። የብሩስ ይቅር፤ እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው፣ እሱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ሳይክሌ ያገለገለ ኮርሳ ነው። ማርሹ ሺማኖ ቲያግራ፣ ከኋላ 10 ጥርስ፣ ማለትም ከትንሽ እስከ ትልቅ 10 ጥርሳም ክብ አለው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ማርሹ አስቸገረኝ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን ስወጣ ለማቅለል እጫናለሁ። መጫኛው ቀጭ ይላል፣ ካቴናው ግን ወደ ትልቁ ጥርስ አይወጣም። ጥርሱን እየላሰ ይንጫጫል። ደግሜ ስጫነው ሁለት ጥርስ ይዘላል። ዳገት ላይ ይህ ምን እንደሚያደርግ የነዳ ያውቀዋል፤ እግር ባዶ ይረግጣል፣ ጉልበት ይሰበራል።

ደሴ ውስጥ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ስሙን አልጽፍም፣ ጠብ ፈልጌ አይደለም። ልጁ የኋላውን ጎማ ከፍ አደረገ፣ ፔዳሉን ሁለቴ አዞረ፣ አለቀ። «ወንድም፣ ይሄ መቀየሪያ አልቆለታል፣ ስፕሪንጉ ደክሟል» አለኝ። መቀየሪያ ማለት ከኋላ ተሰቅሎ ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው እቃ ነው። ከመሪው ወደ እሱ የሚሄደውን ካቦ፣ የብረቱን ገመድ፣ አልነካም። ጣቱን እንኳ አላሳረፈበትም። ያኔ አላስተዋልኩም፣ አሁን ግን ዓይኔ ላይ አለ።

የኋላ መቀየሪያው 7,500፣ የማርሽና የፍሬን ካቦ ከነሽፋኑ 1,400፣ የእጅ 800። ከፈልኩ። አሮጌውን ስጠኝ ስል «ጥለነዋል» አለኝ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የት ጣሉት?

አራት ቀን ቆንጆ ሠራ። በአምስተኛው ቀን ያው መዝለል ተመለሰ። ይዤ ሄድኩ። «አሃ፣ እንግዲህ መጫኛው ነው የሞተው» ተባልኩ። መጫኛ ማለት ከመሪው ላይ ያለው፣ ከፍሬኑ ጋር አንድ ላይ የተሠራው ውድ እቃ ነው። ሌላ ብዙ ሺህ ብር ማለት ነው። እዚያ ላይ ልቤ ጠረጠረ። ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

ኮምቦልቻ ላይ አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ አሉ። ጓደኛዬ ነው የወሰደኝ። ሱቅ የላቸውም፤ አንድ ሳጥን፣ አንድ በርጩማ። «ጋሼ፣ ማርሹ ይዘላል» አልኳቸው። ምንም አልመለሱም። የኋላውን ጎማ አንስተው ፔዳሉን እያዞሩ አንድ በአንድ ማርሹን አስቀየሩኝ። ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙት። ከዚያ ካቦው የኋላ መቀየሪያው ውስጥ በሚገባበት ቦታ ያለችውን ትንሽ ጉጥ በሁለት ጣት ያዟት። ግማሽ ዙር። ማርሹ ተስተካከለ። ካቻቢቴ የለ፣ ብሩጎላ የለ፣ ፒንሳ የለ።

«ስንት ወሰዱብህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው «አብሽር ልጄ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ማርሽ በቀጭ ነው የሚሠራው። ሺማኖ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1984 ዱራ ኤስ በሚባለው የኮርሳ ማርሹ ነው ያመጣው። ከዚያ በፊት የነበረው ኮርሳ በአብዛኛው ቀጭ የሚል ነገር አልነበረውም፤ ነጂው ዘንጓን በእጁ እየገፋ በጆሮው ነበር የሚያስተካክለው። ሽማግሌውም ያደጉት በዚያ ነው፣ ጆሯቸው ለዚህ ነው የሰላው። አሁን መጫኛው አንድ ቀጭ ሲል የሚስበው የካቦ ርዝመት የተለካ ነው። ባለ 10 ጥርስ ላይ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ካቦው በጥቂቱ ከላላ ካቴናው በሁለት ጥርስ መሀል ይቀራል። ሌላ ምንም አልተሰበረም።

አዲስ ካቦ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መላላቱ የታወቀ ነው። ሽፋኑ ጫፍ ጫፉ ላይ ገባ ገባ ብሎ ይቀመጣል፣ ካቦው ትርፍ ያገኛል። ጥሩ ጠጋኝ «ከሳምንት በኋላ ተመለስ፣ ላጥብቅልህ» ይላል። እኔ አምስተኛው ቀን ላይ ያጋጠመኝ ይኸው ነበር። እነሱ ግን መጫኛ ሊሸጡልኝ ነበር።

ራሳችሁ ሞክሩት። ከሳይክሉ ኋላ ቁሙና ጉጧን እዩ። ካቴናው ወደ ትልቁ ጥርስ መውጣት ካቃተው ካቦው ላልቷል፤ ጉጧን ወደ ግራ አዙሩ፣ ብሎን እንደምትፈቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እጃችሁ «እየፈታሁ ነው» ይላችኋል፣ ካቦው ግን እየጠበቀ ነው፣ ምክንያቱም ጉጧ ወደ ውጭ ስትወጣ ሽፋኑን ትገፋዋለች። ካቴናው ወደ ትንሹ ጥርስ መውረድ ከዘገየ ተቃራኒው ነው፤ ካቦው ከልክ በላይ ተወጥሯል፣ ወደ ቀኝ መልሷት። በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ። ሩብ፣ ከዚያ ፔዳል አዙሮ ማዳመጥ፣ ከዚያ እንደገና ሩብ።

መቀየሪያው ላይ ኤች እና ኤል የተጻፈባቸው ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ታያላችሁ። እነሱን አትንኩ፣ ማንም በችኮላ እንዲነካቸውም አትፍቀዱ። ካቴናው ከጥርሶቹ እንዳያልፍ የሚያግዱት እነሱ ናቸው። ኤል ከላላ መቀየሪያው ራጂ (የጎማው ሽቦ) ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ያኔ በእርግጥም እቃ መግዛታችሁ ነው።

ሁልጊዜ ካቦ ነው አልልም። ሳይክሉ በቀኝ ጎኑ ወድቆ ከሆነ መቀየሪያው የተሰቀለበት ብረት ሊጣመም ይችላል። ከኋላ ሆናችሁ ስታዩ መቀየሪያው ከጎማው ጋር ቀጥ ካላለ እሱ ነው፣ እሱን ጉጥ አያድነውም። ካቦው ዝጎ ሽፋኑ ውስጥ የሚንቀረፈፍም አለ፣ በተለይ በክረምት ጭቃ። ያለቀ ካቴናም ይዘላል። ግን እነዚህ ሁሉ የሚታዩት ጉጧ ከተሞከረች በኋላ ነው። ከእሷ ሳይጀምር እቃ የጠራላችሁ ሰው ጋ ሳይክላችሁን አትተዉ።

አሁን ወዳስደነገጠኝ ልምጣ።

ሽማግሌው ማርሹን ጨርሰው ዓይናቸው የፊት ፍሬኔ ላይ ቀረ። ሽፋኑን ከጫፉ አወጡት፣ ወደ እኔ አዞሩት። «እየው» አሉኝ። ጥቁሩ ፕላስቲክ መሀል ላይ ቀጫጭን ሽቦዎች እንደ ጭራ ቀጥ ብለው ዙሪያውን ተደርድረዋል። ይህ የማርሽ ሽፋን ነው። የፍሬን ሽፋን እንዲህ አይደለም፤ ውስጡ ጠፍጣፋ ሽቦ እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠመ ነው። ውፍረታቸውም ይለያል፣ የማርሹ ብዙ ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር ነው፣ የፍሬኑ 5።

ልዩነቱ ጌጥ አይደለም። የማርሽ ሽፋን ቀጥ ያሉ ሽቦዎች ያሉት እንዳይኮማተር ነው፣ ቀጩ እንዳይዛባ። ሽቦዎቹን አንድ ላይ የያዛቸው ግን ፕላስቲኩ ብቻ ነው። ፍሬን በኃይል ሲያዝ የሚመጣውን ጫና አይችልም፣ ሊተረተር ይችላል። ሲተረተር ደግሞ የያዛችሁት ፍሬን ባዶ ይሆናል። የእኔን ለሁለቱም ከአንድ ጥቅል ቆርጠው ነው የገጠሙት። 1,400 ብር የከፈልኩበት «ሙሉ ካቦ» ይህ ነበር።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ትበልጣለች፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ናት። መሀሉ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያውም ጠመዝማዛ፣ ያውም ከአይሱዙና ከተሳቢ ጋር እየተጋፉ። እኔ በዚያ ሽፋን አምስት ቀን ሐረጎን ወርጃለሁ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሽማግሌው ሁለቱንም ፍሬን በትክክለኛው ሽፋን ቀየሩልኝ። ለማርሹ አልቀበልህም አሉ፣ «ዙር ማዞር ሥራ ነው?» ብለው። ለሽፋኑና ለእጃቸው 600 ብር በግድ አስያዝኳቸው።

የተቆረጠውን ሽፋን ይዤ ወደ ደሴው ቤት ተመለስኩ። ባለቤቱን አስጠርቼ ጫፉን አሳየሁት። የካቦውን 1,400 መለሰልኝ። የመቀየሪያውን አልመለሰም፤ «አንተው ተስማምተህ ነው» አለ። ደረሰኝ አልተቀበልኩም ነበር፣ አሮጌው እቃም በእጄ የለም። ምን ይዤ ልከራከር? እናንተ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ደረሰኝ ጠይቁ፣ የወለቀውን እቃ በእጃችሁ ያዙ።

በቅርቡ ካቦ ያስቀየራችሁ ካላችሁ ከነገ ጉዞ በፊት የፍሬን ሽፋናችሁን ከአንድ ጫፍ አውጥታችሁ እዩ። የተጠመጠመ ጠፍጣፋ ሽቦ ካያችሁ ደህና ነው። ቀጥ ብለው የቆሙ ሽቦዎች ካያችሁ ሳይክሉን እየገፋችሁ ወደ ጠጋኝ ውሰዱት፣ አትንዱት።