«ሪች» የይቅርታ መልመጃ ደብተር፦ ምኑ ይሠራል፣ ምኑ ይጎድለዋል?

«ይቅር በሉ» የሚል ስብከት ሞልቷል፤ እንዴት የሚለው ግን ብዙውን ጊዜ ለሰሚው ይተዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤቨረት ዎርዚንግተን ያዘጋጀው «ሪች» የተባለው የመልመጃ ደብተር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከኢንተርኔት በነፃ ይወርዳል፤ ለብቻ ለሚሠራው ሰው ሦስት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። በ5 አገሮች 4,598 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ደብተሩን ቀድመው የሠሩት ተራቸውን ይጠብቁ ከነበሩት ይልቅ ቂማቸውም ጭንቀታቸውም ቀንሶ ታይቷል።

አምስት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው በደሉን ማስታወስ ነው። ይህ የሚበላሸው ጽሑፉ የክስ ማመልከቻ ሲሆን ነው፤ «ሊያዋርደኝ ፈልጎ» ከማለት «በሰው ፊት ሌባ አለኝ» ብሎ የሆነውን ብቻ ማስፈር ይሻላል።

ከባዱ ሁለተኛው ነው። ባዶ ወንበር ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ በዳዩ እዚያ እንዳለ ቆጥረው የልብዎን ይናገራሉ፣ ከዚያ ወንበር ቀይረው በእሱ አፍ ይመልሳሉ። «ክፉ ስለሆንኩ ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው ግን ምንም አልሠራም። በዳዩ ምን ፈርቶ፣ ምን ጎድሎበት እንደነበር መፈለግ ያስፈልጋል፤ ይህም ጥፋቱን ትክክል አያደርገውም። ጥቃቱ ዛሬም የቀጠለበት ሰው ይህን ለብቻው ባይሞክረው ይመረጣል።

ሦስተኛው፣ ራስ ይቅር የተባሉበትን ጊዜ አስታውሶ ይቅርታን እንደ ስጦታ መስጠት ነው። ለክርስቲያን ማቴዎስ 18 እዚህ ይገባል፤ ጌታው 10,000 መክሊት ዕዳ የተወለት አገልጋይ፣ 100 ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን ያሳሰረበት ምሳሌ ነው። 100 ዲናር ትንሽ ገንዘብ አልነበረም፤ አንድ ዲናር የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ስለሆነ ዕዳው ከሦስት ወር ሥራ በላይ ነው። ምሳሌው በደሉን አያቃልልም፤ ከ10,000 መክሊት ጋር ያስተያየዋል እንጂ።

አራተኛው ውሳኔውን በጽሑፍ ማስፈር ነው፤ አጭር ነው፣ ቀን ይጻፍበት። አምስተኛው ቂሙ ሲያገረሽ ያንን ጽሑፍ አውጥቶ ማንበብ ነው። ሕመሙ ትዝ ማለቱ ይቅርታው ውሸት ነበር ማለት አይደለም፤ ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት ይህን ባለመለየት ነው።

ደብተሩ ይቅርታና እርቅ የተለያዩ መሆናቸውን ያውቃል፤ ፍትሕ ላይ ግን ብዙም አይረዳም። ለዚህ 1ኛ ሳሙኤል 24 ይሻላል። ሊገድለው ያሳድደው የነበረው ንጉሥ ሳኦል እጁ ሲገባ፣ ዳዊት የመጎናጸፊያውን ዘርፍ ብቻ ቆርጦ ነፍሱን ተወለት፤ ሳኦል አለቀሰ፤ ዳዊት ግን አብሮት ወደ ቤቱ አልተመለሰም፣ ወደ አምባው ወጣ። ሮሜ 12፥19 በቀልን ለእግዚአብሔር ሲተው፣ ምዕራፍ 13 ደግሞ ክፉ አድራጊን የሚቀጣ ባለ ሥልጣን መኖሩን ይናገራል። ስለዚህ ወንጀልን ለፖሊስ ማመልከት በቀል ተብሎ ሊነቀፍ አይገባም።

ደብተሩ ለክርስቲያኖች የተዘጋጀና ሃይማኖትን ያልነካ፣ ሁለት ዓይነት ስላለው ከማውረድዎ በፊት ይለዩት። ለቤተሰብና ለሥራ ቦታ ቅያሜ ለብቻ ይበቃል። ለግድያና ለአስገድዶ መድፈር ግን አይበቃም፤ አማካሪ ወይም የንስሐ አባት አብሮ ይኑር።