በደም የመጣና በኑሮ የተገኘ

ፒያሳ ሥጋ የምገዛበት ቤት ደጃፍ አንዲት ቡኒ ውሻ አለች። ከመተኛቷ በፊት ሁለት ሦስቴ ትዞርና መሬቱን በጥፍሯ ጫር ጫር ታደርጋለች። የሚደለደል ሣር የለም፤ ሲሚንቶ ነው። ማንም አላስተማራትም። አብሯት የተወለደ ነው።

ቢላዋ በሞረድ ሲሳል ግን ጆሮዋ ቀጥ ይላል። ብድግ! ይሄኛው የተማረችው ነው። ለቡችላ የሞረድ ድምፅ ምኗም አይደለም። ድምፁን ተከትሎ ቅንጥብጣቢ ሲወረወር ነው ሁለቱን ያያያዘችው። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭም በውሾች ያሳየው ይህንኑ ነው። ባለቤቱ መወርወሩን ቢያቆም ቀስ በቀስ ትተወዋለች። መዞሩን ግን አትተውም።

የተፈጥሮው ግትር ነው። የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪዎቹ ሎሬንዝና ቲንበርገን ያጠኗት ዝይ ከጎጆዋ የወጣ እንቁላል በምንቃሯ እየሳበች ትመልሳለች። መሀል ላይ እንቁላሉን ቢወስዱባትም ባዶውን ስባ ትጨርሳለች! ሁለቱ በ1973 እ.ኤ.አ. ከሙያ ባልደረባቸው ከፎን ፍሪሽ ጋር ኖቤል ተሸለሙ።

ለፒያሳ ኑሮ እኔ ትምህርቱን እመርጣለሁ። ሚኒባስን መሸሽ አብሮ አይወለድማ። ድንበሩ ግን ሁሌ አይጠራም፤ ጫጩት መልቀም ሳትማር ትለቅማለች፣ ጥሬዋን ሳትስት መምታቱ ግን በዕድገትም በልምምድም ይሻሻላል።